ባለ 6 ኪሎው ቀይ ሲሊንደር፦ ለተቆጣጣሪው ነው ወይስ ለእሳቱ?

ቃሊቲ፣ ገላን፣ ለቡ ወይም መርካቶ ውስጥ የመጋዘን በር ሲከፈት ጎኑ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ዕቃ አንድ ነው፤ 6 ኪሎ ደረቅ ዱቄት የያዘ ቀይ እሳት ማጥፊያ። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ፈቃድ ሊያወጣ ወይም ሊያድስ ሲል፣ ካልሆነም ከኢንሹራንስ መርማሪ ይመጣል ሲባል ነው። ይሰቀላል፣ አቧራ ይለብሳል፣ በዓመቱ አዲስ ስቲከር ይለጠፍበታል። «እሳት ማጥፊያ አላችሁ?» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «አለን» ነው። «ይሠራል?» ሲባል ግን ሰው ጌጁን፣ ማለትም የግፊት መለኪያውን፣ ይመለከትና ዝም ይላል።

ይህ ግምገማ ዕቃውን፣ የሚሰቀልበትን ቦታና በየዓመቱ የሚሞላበትን አገልግሎት አንድ ላይ ያያል። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ለመጀመሪያ እሳት በዚያ ዋጋ ከሱ የተሻለ አይገኝም። አሰቃቀሉ በአብዛኛው መጋዘን መጥፎ ነው። የሙሊት አገልግሎቱ ደግሞ ቆሞ የሚያየው ሰው ከሌለ ገንዘብ መጣል ነው።

ሕጉ የሚለው አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ቦታው በሠራተኛው ላይ አደጋ እንዳያደርስ እንዲያደርግ፣ ሠራተኛው ከሥራው ጋር የሚመጣውን አደጋና መከላከያውን እንዲያውቅ እንዲያስተምር፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በስንት ካሬ ሜትር ስንት ሲሊንደር የሚለውን አዋጁ አይዘረዝርም። እዚህ አንቀጽ ውስጥ ሁሉም ዘሎ የሚያልፋት ቃል «ማስተማር» የምትለዋ ናት። ሲሊንደር ሰቅሎ አንድም ጫኝና አውራጅ ፒኑን (የእጀታውን መቆለፊያ) ነቅሎ የማያውቅበት መጋዘን ግዴታውን የፈጸመው በግማሽ ነው።

ውስጡ ምን አለ

ሙሉው ዕቃ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 6 ኪሎው ዱቄት ሲሆን የቀረው ብረቱና መክፈቻው ነው። ዱቄቱን የሚገፋው ናይትሮጅን በ12 ወይም በ15 ባር ታምቆ ተቀምጧል። የቤት መኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር እንደሚነፋ አስቡና አነጻጽሩ። እጀታው ሲጨመቅ ዱቄቱ ከ4 እስከ 6 ሜትር ይወረወራል፤ ሳይለቁ ከያዙት ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ያልቃል። ይህችን ቁጥር የመጋዘኑ ሰው ሁሉ በቃሉ ሊይዛት ይገባል። ሁለት መቶ ኩንታል የተደረደረበትን ክምር የሚጠብቀው ዕቃ ዕድሜው አሥራ አምስት እስኪቆጠር ድረስ ነው።

በአውሮፓ መስፈርት የተሠራ ከሆነ መለያው ላይ 21ኤ 113ቢ፣ ከፍ ያለው ደግሞ 34ኤ 183ቢ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 21ኤ ማለት ርዝመቱ 2.1 ሜትር የሆነ፣ ስፋቱና ከፍታው ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ የተረበረበ እንጨት ሲነድ አጥፍቷል ማለት ነው። 113ቢ ደግሞ 113 ሊትር የሙከራ ፈሳሽ በትሪ ላይ ሲነድ። ሙከራውን የሚሠራው ሥራው ያ የሆነ ሰው ነው፤ ባላንጣው ደግሞ ከቁመቱ የማይበልጥ የእንጨት ክምር ነው። እናንተ ጋ ያለው አራት ሜትር የወጣ የካርቶን ግድግዳ ነው። ሁለት ሲሊንደር በተመሳሳይ ዋጋ ቀርቦላችሁ አንደኛው ይህ ቁጥር ካለው፣ አንደኛው «6 ኪሎ» ብቻ ከሚል፣ ቁጥር ያለውን ውሰዱ። ኪሎ የሚነግራችሁ ምን ያህል ዱቄት እንዳለ ነው፤ ምን ያህል እሳት እንደሚችል የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው።

ከዚያ በላይ መታየት ያለበት ዱቄቱ ኤቢሲ ነው ወይስ ቢሲ የሚለው ነው፤ ኤ እንደ እንጨትና ጨርቅ ያለ ጠጣር ነገር፣ ቢ ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ ሲ ደግሞ ጋዝ ሲነድ ነው። ይህ የሻጭ ቃላት ጨዋታ አይደለም። ኤቢሲ የሚባለው በዋናነት ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው፤ ትኩስ ነገር ላይ ሲያርፍ ወደ 190 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ፍሙን እንደ ብርጭቆ ይሸፍነዋል። ቢሲ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ በቤት ስሙ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ነበልባልን ያወርዳል፣ ፍም ላይ ግን አይለጠፍም። ጆንያ፣ ካርቶን፣ ጨርቅና ፓሌት ፍም የሚይዙ ነገሮች ናቸው፤ ስለዚህ በቢሲ ዱቄት «ጠፋ» ተብሎ ፊት የተዞረበት ክምር ከደቂቃዎች በኋላ መልሶ ይነሳል። የነዳጅ ወይም የቅባት መጋዘን ከሆነ ቢሲ ያገለግላል። ለእህል፣ ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለቤት ዕቃና ለሸቀጣ ሸቀጥ ግን ኤቢሲ ብቻ። የዱቄቱ ቀለም ፍንጭ ይሰጣል፤ ኤቢሲው ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቢሲው ነጭ ነው። አምራቾች እንደፈለጉ ስለሚቀቡት ግን በቀለም ብቻ አትመኑ፤ የሚታመነው የመለያው ጽሑፍና የእንጨት እሳት ሥዕሉ ነው።

ጌጁ የማይናገረው

ጌጁ አረንጓዴ ላይ ቆሟል ማለት ግፊት አለ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አይነግራችሁም። 2 ኪሎ ዱቄት ያለውም፣ 6 ኪሎ ያለውም፣ ዱቄቱ እንደ ኖራ የደረቀበትም እኩል አረንጓዴ ያሳያሉ። ማጭበርበር ሲፈለግ መንገዱ ይኸው ነው፤ ዱቄት ዋጋ አለው፣ ንፋስ በነፃ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጋዘን ሚዛን አያጣም። ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አቁሙና መለያው ላይ «ጠቅላላ ክብደት» ተብሎ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ከጥቂት መቶ ግራም በላይ ከጎደለ ዱቄቱ ጎድሏል። ሲገዛም፣ ከሙሊት ሲመለስም ይህን ማድረግ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ዕቃ ተረካቢው ስኳር ሲረከብ የሚያደርገውን ለሲሊንደር ሲሆን የሚተውበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ገልብጡት። ታቹን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጆሯችሁን ስታስጠጉ ዱቄቱ እንደ ደረቅ አሸዋ ሲንሸራተት ይሰማል፤ በእጅም ይታወቃል። ድምፅ ከሌለ ወይም አንድ ጓል ነገር ዱብ ካለ ዱቄቱ ተጋግሯል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው በሙሊት ጊዜ የገባ እርጥበት፤ ሁለተኛው መንቀጥቀጥ። ፎርክሊፍት ላይ ወይም አይሱዙ ላይ የታሰረ ሲሊንደር ዱቄቱ በየቀኑ እየተጠቀጠቀ ይወርድና ታች ይደድራል። በየወሩ መገልበጥና ታቹን በላስቲክ መዶሻ ወይም በእጅ መዳፍ መታ መታ ማድረግ ያላቅቀዋል። በብረት መዶሻ አይነካም፤ 15 ባር የያዘ ዕቃ ነው።

የቀረው ፍተሻ በዓይን ያልቃል። ፒኑ ሳይጎብጥ በፕላስቲክ ማሰሪያው መታሰር አለበት። ማሰሪያው ሲጠፋ በሽቦ ጠምዝዞ ማሰር የተለመደ ነው፤ አደገኛም ነው፣ ምክንያቱም ጢስ ውስጥ የቆመ ሰው በጣቱ ሽቦ ሊፈታ አይችልም። ቱቦውን አጣጥፉት፣ ከተሰነጠቀ ይቀየር። አፈሙዙን እዩ፤ ተርብ ጭቃ ሠርታበት ወይም ሸረሪት ዘግታው ብትገኝ አይግረማችሁ። የእህል መጋዘን ከሆነ አይጥ ቱቦውን ይቆረጥማል። ሁመራና መተማን በመሰለ ቆላ ያለ መጋዘን ከሆነ ጌጁን በጠዋት አንብቡ፤ ከሰዓት በሙቀት ግፊቱ ከፍ ስለሚል የጎደለው ሙሉ ይመስላል። ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ግድግዳ ላይም አትስቀሉ። መለያው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ 55 ወይም 60 ዲግሪ ነው፣ እንዳያልፍ።

አንድ ልማድ ደግሞ በፍጥነት መቆም አለበት፤ «ይሠራል አይሠራም» ለማየት ትንሽ ጠቅ አድርጎ መልሶ መስቀል። ለግማሽ ሰከንድም ቢሆን ከተጨመቀ ዱቄት በመክፈቻው ጎማና በመቀመጫው መካከል ይቀርና ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል። በሳምንታት ውስጥ ጌጁ ቀይ ላይ ይወድቃል። የተጨመቀ ሁሉ ይሞላ።

የሙሊት አገልግሎት

ለዚህ አገልግሎት ውጤት ስጡ ብንባል ከአሥር አራት እንሰጣለን፤ ሊያገኘው የሚችለው ግን ዘጠኝ ነበር። ሥራው ከባድ ስላልሆነ ነው የሚያበሳጨው። በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው፦ የቀረው ግፊት ይለቀቃል፣ መክፈቻው ይፈታል፣ አሮጌው ዱቄት ይወጣና ይታያል፣ የውስጡ ግድግዳ በባትሪ መብራት ለዝገት ይፈተሻል፣ የመክፈቻው ጎማና ኦሪንጉ (ክብ የጎማ ማሸጊያው) ይቀየራል፣ 6 ኪሎ ዱቄት ተመዝኖ ይገባል፣ ደረቅ ናይትሮጅን ጌጁ እስኪሞላ ይነፋል፣ በመጨረሻ አንገቱ በሳሙና ውሃ ተቀብቶ አረፋ ይኖር እንደሆነ ይታያል።

የሚበላሸው ናይትሮጅኑ ላይ ነው። የናይትሮጅን ሲሊንደር ከሌለ ወይም ለመቆጠብ ሲባል በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ይሞላል። የኮምፕሬሰር አየር ውሃ ያዘለ ነው፤ ገንዳው ታች በየቀኑ ውሃ የሚጠራቀመው ለዚህ ነው። ያ ውሃ ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ በወራት ውስጥ ያጋግረዋል፣ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። ጌጁ ግን ያው አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን ስትሰጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ትነፉታላችሁ?» ይሁን፤ የናይትሮጅን ሲሊንደሩንም ከነሬጉሌተሩ አሳዩን በሉ።

ሁለተኛው ችግር መለዋወጥ ነው። አሥር ሰጥታችሁ አሥር ትቀበላላችሁ፣ የእናንተ ግን ላይሆኑ ይችላሉ። የ3 ዓመት ዕቃ ሰጥቶ የ15 ዓመት ዕቃ ቀለም ተቀብቶ የሚመለስለት አለ። እያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን ታቹ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉ፤ ብረቱ ላይ የተመታውን የምርት ዓመት መዝገብ ላይ አስፍሩ። የምርት ዓመቱ ተፍቆ ከመጣ አትቀበሉ። በአሜሪካው መስፈርት እንዲህ ያለ ሲሊንደር በ6 ዓመቱ ውስጡ ተከፍቶ ይመረመራል፣ በ12 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተናል። እዚህ አገር ብዙ የሙሊት አገልግሎት ሰጪ የውሃ ግፊት መፈተኛ ስለሌለው ቀላሉ ደንብ 12 ዓመት የሞላውን መጣልና አዲስ መግዛት ነው። ታቹ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ሥር የዛገውንም እንዲሁ፤ ዝገት መጀመሪያ የሚበላው ውሃ ታቁሮ የሚውልበትን ያንን ቦታ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትላኩ። ግማሹ ሲሄድ ግማሹ ይቆይ፤ ሲሊንደሮቹ ሙሊት ላይ ባሉበት ሳምንት እሳት አይነሳም ያለ የለም። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ቀናቸው የደረሰውን ሁለት ሦስቱን ለልምምድ ርጯቸው። ለሙሊት የሚከፈለው ያው ስለሆነ ለሠራተኛው ሥልጠናው ተጨማሪ ወጪ የለበትም ማለት ይቻላል።

የት ይሰቀል

ስሌቱን አንድ ምሳሌ ላይ እንሥራ፤ 20 በ50 ሜትር፣ 1,000 ካሬ ሜትር መጋዘን፣ በጠባቦቹ ጫፎች አንዳንድ በር። የእንግሊዞቹ መስፈርት የወለሉን ስፋት በ0.065 አባዙ ይላል፤ 65 ይመጣል። ባለ 21ኤ ሲሊንደር ከሆነ 65 ለ21 ሲካፈል ከ3 ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ ቢያንስ 4። ይህ ግን የመነሻ ቁጥር ነው። የአሜሪካው መስፈርት እሳቱ ካለበት እስከ ቅርቡ ሲሊንደር ያለው መንገድ ከ23 ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ይህም በእግር የሚሄዱት መንገድ እንጂ በክምሩ ላይ በአየር የሚለካ አይደለም። ሁሉንም በሮቹ ላይ ከሰቀላችሁ መሐል የቆመ ሰው 25 ሜትር ቀጥ ብሎ፣ ከዚያም ክምር ዞሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየበሩ ሁለት ሁለት፣ በረጃጅሞቹ ግድግዳዎች መሐል ላይ አንዳንድ፣ በድምሩ 6። በየበሩ ሁለት ያልነው በምክንያት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሲሊንደር ሲረጭ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላውን ከማምጣት እጅግ ይበልጣል። ዱቄት ባቋረጠባት በዚያች ሰከንድ ነበልባሉ ይመለሳልና።

እጀታው ከወለል ከ1 ሜትር እስከ 1.5 ሜትር ባለው ከፍታ ይሁን። ብሎኬት ላይ ሚስማር አይይዝም፤ ባለ 8 ፊሸር በብሎን ይታሰር። ወለል ላይ የተቀመጠ ሲሊንደር በሳምንቱ የበር ማቆሚያ ይሆናል፣ በወሩ ደግሞ ጆንያ ይጫንበታል። ከበላዩ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ስቀሉ፤ ከፊቱ ወለሉን 1 ሜትር በ1 ሜትር በቢጫ ቀለም ከልሉ። ክምር የሚያዝዘው ሰው ያንን ቢጫ እንዲያከብር ካልተነገረው ግን ቀለሙ ራሱ ከሁለት ጭነት በኋላ አይታይም።

ስለ መጋዘን እሳት መከላከል ሲወራ የሚረሳ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ሌሊት። ማታ መጋዘኑ በጓጉንቸር ይዘጋል፣ ቁልፉ ባለቤቱ ቤት ያድራል፣ ዘበኛው ውጭ ነው፣ ሲሊንደሮቹ በሙሉ ውስጥ ናቸው። በቆርቆሮው ሽንቁር ጢስ ያየው ዘበኛ በእጁ ያለው ዱላና ስልክ ነው። ከ6ቱ በተጨማሪ ሁለት ሲሊንደር ከውጭ፣ ዘበኛው ቤት ውስጥ ወይም በሚሰበር መስታወት ሳጥን ይቀመጥ። ይሰረቃል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ በየቀኑ ርክክብ ላይ ከበሩ ቁልፍ ጋር ይቆጠር። ትርፍ ቁልፍ ደግሞ በታሸገ ፖስታ፣ ፊርማ አርፎበት ዘበኛው ጋ ይደር። ፖስታው ተቀዶ ከተገኘ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል።

የማይችላቸው እሳቶች

ዱቄት ላይ ላዩን ነው የሚሠራው። ጥጥ፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ብጥስጣሽ ጨርቅና ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ ካርቶን ወደ ውስጥ ይነዳሉ፤ ዱቄቱ ላዩን ሲያጠፋ ውስጡ ፍሙ ይቀጥላል። እዚያ የሚያስፈልገው ውሃ ነው። የግድግዳ የውሃ ቱቦ ጥቅል በደቂቃ ወደ 30 ሊትር ይረጫል፤ 5,000 ሊትር የያዘ ሮቶ ለአንድ ቱቦ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ያደርሳል። ለመካከለኛ መጋዘን ከብዙ ሲሊንደር ይልቅ ገንዘቡ እዚህ ቢውል እንመርጣለን። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። 4 ሜትር ማማ ላይ የወጣ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.4 ባር ብቻ ነው፤ አፈሙዙ ላይ ከ1 ባር በላይ ስለሚፈለግ ፓምፕ ግድ ነው። እሳት ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው ዋናውን ብሬከር ማውረድ ነው፤ ፓምፑ ከዚያው መስመር የሚጠጣ ከሆነ ውሃውም አብሮ ይቆማል። ከዋናው ብሬከር በፊት የተለየ መስመር ይውጣለት፤ ካልሆነ በናፍጣ የሚሠራ ፓምፕ ይሁን።

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን አጠገብ ባለ 5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሻላል። ዱቄትም የኤሌክትሪክ እሳት ያጠፋል፣ ነገር ግን ፎስፌቱ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የመዳብ ጫፎችንና ካርዶችን ይበላል፤ የፎርክሊፍት ኮምፒውተር ላይ ቢረጭ እሳቱ ከሚያጠፋው ይልቅ ዱቄቱ የሚያጠፋው ይበልጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዱካ አይተውም። ጌጅ የለውም፤ በሚዛን ብቻ ነው የሚታወቀው፣ ከጋዙ አንድ አሥረኛው ከጎደለ ይሞላ። የሚደርሰውም ከሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ቀንዱን በባዶ እጅ መያዝ በብርድ ያቃጥላል። 5 ኪሎው ወደ 2.7 ሜትር ኩብ ጋዝ ስለሚወጣው ጠባብ የመብራት ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ መርጨት ራስን ማፈን ነው።

የእህል መጋዘን ያለው ሰው ለነቀዝ የሚያጨሰው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን የት እንደሚያስቀምጥ ያስብ። ውሃ ሲነካው መርዘኛና ተቀጣጣይ የሆነ ፎስፊን ጋዝ ያወጣል። ክኒኑ ከውሃ ቱቦው ርቆ፣ ለብቻው በተቆለፈ፣ አየር በሚገባው ደረቅ ክፍል ይቀመጥ፤ በሩ ላይ «ውሃ አይረጭበት» ተብሎ ይጻፍ። እዚያ አጠገብ ዱቄት ወይም ደረቅ አሸዋ ነው የሚያገለግለው። ናይትሬት ያለው ማዳበሪያ ተቃራኒው ነው፤ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ በማፈን አይጠፋም፣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ለእሳት አጥፊው እንቆቅልሽ መስጠት ነው።

አዲሱ ራስ ምታት ሊቲየም ባትሪ ነው። የፀሐይ ኃይል ባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል፣ ፓወር ባንክ፤ አስመጪዎች መጋዘን ውስጥ እየበዛ ነው። ዱቄቱ ነበልባሉን ያወርዳል፣ የባትሪውን ሙቀት ግን አይቀንስም፣ ስለዚህ መልሶ ይነሳል። ያበጠ ወይም የተሰበረ ባትሪ ከሌላው ተለይቶ ውጭ ይቀመጥ፤ ቻርጅ የሚደረገውም ክምር አጠገብ አይሁን።

ምግብ ያለበት መጋዘን ከሆነ ዱቄቱ ከተረጨ በኋላ ሌላ ሥራ ይጀመራል። ዱቄቱ ይበናል፣ እሳቱ ካልደረሰበት ክምር ላይም ያርፋል። የነካውን ጆንያ ለይታችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁ አቁሙ፤ ኢንሹራንሱ ሳያይ አትጥረጉ፣ ሳይመረመርም አትሽጡ።

አያያዙ

ልምምዱ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ፒኑን መንቀል፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ መቆም፣ የነበልባሉን ሥር ማነጣጠር፣ ጨምቆ ግራ ቀኝ መጥረግ። ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚሳሳተው ፒኑ ላይ ነው፤ እጀታውን ጨምቆ ይዞ ፒኑን ይጎትታል፣ አይወጣም። እጀታውን ለቅቆ ነው ፒኑ የሚነቀለው። ሁለተኛው ስህተት የነበልባሉን ጫፍ መርጨት ነው። ሦስተኛው በሩን ከፊት አድርጎ መቆም፤ ዱቄቱ ዝግ ቦታ ላይ ሲበን ዓይን አያሳይም፣ በሩ ከጀርባ ካልሆነ መውጫው ይጠፋል። አንድ ሲሊንደር አልቆ እሳቱ ካልወረደ መውጣትና በሩን መዝጋት ነው። የክምሩ ጫፍ ላይ የደረሰ እሳት የሲሊንደር ሥራ አይደለም።

ከበሩ ውጭ ያለው ደግሞ የከተማው ነገር ነው። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሳ የአካባቢው መንገድ መጣበብና መጨናነቅ የማጥፋቱን ሥራ እንዳከበደው ይታወሳል። በግቢያችሁ በር ከባድ መኪና ይገባል? መግቢያው ላይ የሚራገፍ አይሱዙ ሌሊት ቆሞ ያድራል? ውስጥ ደግሞ ክምሩ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር፣ ከመብራት አንድ ሜትር ይራቅ፤ አብዛኛው ሲሊንደር ጨርሶ እንዳይነካ የሚያደርገው ይህችና ማታ ሲዘጋ ዋናውን ብሬከር ማውረድ ናቸው።

ለምሳሌው መጋዘን የምንገዛው ይህ ነው፦ ባለ 6 ኪሎ ኤቢሲ 8፣ ባለ 5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1፣ የውሃ ቱቦ ጥቅል 2 ከነፓምፑ። ባለ ጎማውን 50 ኪሎ አንገዛም፤ በክምሮቹ መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ሰው ሲጎትተው ይቀረቀራል፣ በዋጋውም ብዙ ባለ 6 ኪሎ ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 የሚለውን ቁጥር ዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉ፤ ከሥሩ የግቢውን አድራሻ፣ ወረዳውንና በቅርብ ያለውን የታወቀ ምልክት ጨምሩ። የደወለው ሰው ደንግጦ ስለሚሆን የሚያነበው ነገር ይፈልጋል።